ምዕራፍ 7፦ የደከመው ሞተሩ ነው ወይስ ዲናሞው?

ወላይታ ሶዶ በአገሪቱ የኤሌክትሪክ ካርታ ላይ ትልቅ ቦታ አላት። በስተ ምዕራብ፣ ወላይታና ዳውሮ በሚዋሰኑበት የኦሞ ሸለቆ፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ 3 ግድብ ይገኛል፤ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረውና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚነሳው ከዚሁ ከሶዶ ነው። ይህ መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። ሆኖም መብራት በጠፋ ቁጥር ከፀጉር ቤቱ ደጃፍ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱና ከሆቴሉ ጓሮ የጄኔሬተር ድምፅ ይነሳል። ነገሩ የሚቃረን ቢመስልም አይቃረንም። ትልቁ መስመር በከተማው አናት ላይ ያልፋል እንጂ ሱቅ ውስጥ ሶኬት የለውም። ወደ ሱቁ የሚገባው ኃይል በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በሰፈር ትራንስፎርመር፣ በእንጨት ምሰሶና በፊውዝ በኩል ነው የሚመጣው፤ ከነዚህ አንዱ ከተበላሸ የጊቤ ተርባይኖች በሙሉ ኃይላቸው ቢሽከረከሩም ፀጉር ቤቱ ይጨልማል።

ስለዚህ ጄኔሬተር ገና ለረጅም ጊዜ አብሮን ይኖራል። ከነዚህ ጄኔሬተሮች ደግሞ ብዙዎቹ አንድ ቦታ አይቀመጡም። ለሠርግ ድንኳን የተከራየው በአይሱዙ ተጭኖ ዛሬ ቦዲቲ፣ ነገ ሁምቦ ይውላል። አልጋና ማድ ቤት የተገጠመላቸው የጉዞ መኪኖች ከአዲስ አበባ በሆሳዕና አድርገው፣ ሶዶን አልፈው፣ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወርዱ ጄኔሬተራቸውን በሆዳቸው ይዘው ነው። የሁሉም ባለቤቶች ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፦ «ይነሳል፣ ድምፁም ደህና ነው፣ ግን ኃይል የለውም።» የዚህ ምዕራፍ ክርክር ይህን ቅሬታ የሚመለከት ነው። ኃይል ያጣ ጄኔሬተር ፊት የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛው ዕቃ ተበላሸ?» መሆን የለበትም። መጀመሪያ መለየት ያለበት የደከመው ሞተሩ ይሁን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል ነው። ይህን ለመለየት ሁለት ቁጥር ይበቃል። ከሁለቱ አንዱን ግን ብዙ ሰው ጭራሽ አይለካውም።

ሁለት ማሽን በአንድ ሳጥን

በሁለተኛው ምዕራፍ እንዳየነው ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ማግኔት በመዳብ ጥቅል አጠገብ ሲሽከረከር ነው። ትንሽ ጄኔሬተር ሲከፈትም የሚታየው ይኸው ነው፦ በአንድ በኩል ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር፣ በሌላ በኩል ጋራዦች ዲናሞ የሚሉት የመዳብና የብረት ክፍል፣ በመካከላቸው የጋራ ዘንግ። ሞተሩ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ዘንጉን ያሽከረክራል፣ በቃ። ዲናሞው በበኩሉ ስለ ቤንዚን አያውቅም።

ሁለቱ የየራሳቸውን ምልክት ይተዋሉ። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ሄርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚነግር ቁጥር ነው። በተለመዱት ትናንሽ ጄኔሬተሮች ላይ ይህ ቁጥር ከዘንጉ ፍጥነት ጋር በቀጥታ የታሰረ ነው። ዘንጉ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ከዞረ 50 ሄርዝ፣ 2,700 ጊዜ ከዞረ 45 ሄርዝ ይወጣል። በመካከል የሚያስተካክል ነገር የለም። ሄርዙ ስለዚህ የሞተሩ ቃል ነው። ቮልቱ ግን በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በዘንጉ ፍጥነትና በማግኔቱ ብርታት። የሚወጣውን ቮልት እየለካ ማግኔቱን የሚያጠነክርና የሚያላላ ኤቪአር የሚባል ትንሽ ሰሌዳ በብዙዎቹ ላይ አለ። ኤቪአር በሌላቸው ርካሽ ጄኔሬተሮች ላይ ይህን ሥራ አንድ ካፓሲተር ይሸፍናል።

ከዚህ የሚከተለው ፍርድ ግልጽ ነው። ሄርዙ ከወረደ የደከመው ሞተሩ ነው፤ ቮልቱም አብሮ ቢወርድ በዲናሞው ላይ ማሳበብ አይገባም። ሄርዙ ደህና ሆኖ ቮልቱ ብቻ ከወረደ ሞተሩ ንጹሕ ነው፣ ምርመራው ወደ ዲናሞው ይዞራል። ሁለቱም በጄኔሬተሩ ሶኬት ላይ ደህና ሆነው ዕቃው ጋ ሲደርሱ ቮልቱ ከቀነሰ ጥፋቱ በመንገድ ላይ፣ በኬብሉ ነው። ሄርዝ የሚያነብ ቴስተር በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ይገኛል፤ ዋጋውም በከንቱ ከሚገዛ አንድ ኤቪአር ብዙ አይርቅም።

ጭነት ተሸክሞ ዳሞታን መውጣት

አሁን ሞተሩ ለምን እንደሚደክም እንመልከት። ከሶዶ አናት ላይ ያለውን የዳሞታን ተራራ ግማሽ ኩንታል እህል ተሸክሞ የሚወጣ ሰው እናስብ። ሜዳው ላይ ፍጥነቱን ጠብቆ ይሄዳል። ዳገቱ ሲጀምር ያንኑ ፍጥነት ለመጠበቅ ትንፋሹን ያበዛል፤ ትንፋሹ እስከበቃው ድረስ እርምጃው አይቀንስም። ትንፋሹ ጥግ ሲደርስ ግን ሌላ ምርጫ የለውም፣ እርምጃው ይዘገያል። የጄኔሬተር ሞተርም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ምድጃ ወይም ማንቆርቆሪያ ሲሰካበት ዘንጉ ይከብደዋል፣ ፍጥነት ጠባቂው (መካኒኮች ገቨርነር የሚሉት) የካርቡሬተሩን በር ይከፍትና ተጨማሪ አየርና ቤንዚን ያስገባል። በሩ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ጭነት ከተጨመረ ግን ዘንጉ ይዘገያል፣ ሄርዙም ይወርዳል።

ተሸካሚውን የሚያስቸግረው ዳገቱ ብቻ አይደለም። ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ በአንድ ምት የሚስበው መጠን አይለወጥም፤ በውስጡ ያለው አየር ግን አንሷል። አየር ካነሰ በደንብ የሚቃጠለው ቤንዚንም ያንሳል። ሆንዳ በትናንሽ ጄኔሬተሮቹ መመሪያ ላይ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የሞተሩ ጉልበት 3.5 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይጽፋል፤ ካርቡሬተሩ ለከፍታ ካልተስተካከለ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

እስቲ እናስላው። ጎኑ ላይ 3 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ጄኔሬተር ሶዶ ላይ 23 በመቶ ያህል አጥቶ 2.3 ኪሎ ዋት ይቀረዋል። አርባ ምንጭ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ያው ጄኔሬተር 2.5 ያህል ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ ወደ 2.2 ይወርዳል። አሁን በአንድ የጉዞ መኪና ውስጥ 2,000 ዋት ማንቆርቆሪያና 400 ዋት የሚስብ የባትሪ ቻርጀር አብረው ተሰክተዋል እንበል፤ ድምሩ 2.4 ኪሎ ዋት ነው። አርባ ምንጭ ላይ ያለ ችግር ያልፋል። 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ሶዶ ሲደረስ ግን በዚያው ጭነት ሞተሩ ያቃስታል፣ መብራቱ ይደበዝዛል። በጄኔሬተሩ ውስጥ አንድም ዕቃ አልተበላሸም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። አርባ ምንጭ ሞቃት ናት፤ ሙቀትም አየርን ያሳሳል። እውነት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል የ10 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር ከ2 እስከ 3 በመቶ ያስከፍላል። ልዩነቱን ያጠብባል እንጂ አያጠፋውም፤ ከፍታው የሚወስደው ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ሌላው ተቃውሞ «ጎኑ ላይ 3,000 ዋት ተጽፏል» የሚለው ነው። ጽሑፉ አይዋሽም፣ ግን የተለካው በባሕር ወለል አቅራቢያ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ በጉልህ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚችለው ከፍተኛ አቅም ነው፤ ሳይቋረጥ የሚሰጠው አቅም በትንሽ ፊደል ከጎኑ አለ። ስሌቱ መጀመር ያለበት ከትንሹ ፊደል ነው።

ለምሳሌ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ሶዶ ላይ እሱን ብቻ ለመቻል 4.5 ኪሎ ዋት ሳይቋረጥ የሚሰጥ ጄኔሬተር ያስፈልጋል። በአራተኛው ምዕራፍ ያየነውን የመነሻ ጭነትም እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል፦ ማቀዝቀዣና የውሃ ፓምፕ ሲነሱ ለአንድ አፍታ ከመደበኛ ፍጆታቸው ብዙ እጥፍ ይስባሉ። ብዙ ሰው «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚለው ጥፋት የማቀዝቀዣው ሞተር ከማንቆርቆሪያው ጋር በአንድ ጊዜ የተገጣጠመበት ቅጽበት ነው።

«ኤቪአሩን ቀይረው»

ቮልት ሲወርድ በጣም ከሚዘወተሩት ምክሮች አንዱ ይህ ነው፤ ከመለካት በፊት የሚነገር መሆኑ ነው ችግሩ። ብዙዎቹ ኤቪአሮች ሄርዙ ከ47 ወይም 48 ገደማ በታች ሲወርድ ሆን ብለው ቮልቱን ይቀንሳሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዘንጉ ዘግይቶ ሳለ 220 ቮልት ለማውጣት ኤቪአሩ ማግኔቱን ከመጠን በላይ ማጠንከር ይኖርበታል፤ ያኔ የሚቃጠለው የራሱ የዲናሞው ጥቅል ነው። ስለዚህ ቮልቱን ዝቅ ያደርግና ሞተሩን ከጭነቱ በከፊል ያሳርፈዋል። ቮልቱን ብቻ የለካ ሰው 180 ያያል፣ ኤቪአሩን ይከስሳል፣ አዲስ ይገዛል፣ ይገጥማል፣ ያው 180 ይወጣል። አዲሱም የተሠራው ያንኑ እንዲያደርግ ነውና። ሄርዙን ቢለካ ኖሮ 45 አይቶ ፊቱን ወደ ሞተሩ፣ ወይም ወደ ተሰካው ጭነት ያዞር ነበር።

ሁለተኛው የተለመደ መድኃኒት የፍጥነት ጠባቂውን ብሎን ማጥበቅ ነው። ይህኛው ከገንዘብ ብክነትም ያልፋል። ያለ ጭነት ከ51 እስከ 53 ሄርዝ የሚያሳይ ጄኔሬተር ጤነኛ ነው፤ ጭነት ሲመጣ ወደ 50 እንዲወርድ ታስቦ ነው ትንሽ ከፍ ያለው። ብሎኑ ሲጠብቅ ባዶው ጄኔሬተር 57 ወይም 58 ሄርዝ ይደርሳል። ኤቪአር በሌለው ላይ ቮልቱም አብሮ ይወጣና 260 ሊደርስ ይችላል፤ ማቀዝቀዣው ሥራውን ጨርሶ ሲጠፋ አጠገቡ ያለው ቴሌቪዥን ያንን ሁሉ ይቀበላል። ጭነቱ ሲመለስ ግን ድካሙ እንደነበረ ነው። ብሎኑ ለሞተሩ የአየር በሩን ቀድሞ ይከፍትለታል እንጂ በሩ ጥግ ከደረሰ በኋላ አየር አይጨምርለትም።

ጥፋቱ እውነተኛ ጥፋት ሲሆን

ከፍታን ሰበብ ማድረግም የራሱ አደጋ አለው፤ እያንዳንዱን ድካም በከፍታ ማሳበብ የተዘጋ ፊልትሮን መሸፈኛ ይሆናል። ስለዚህ ስሌቱ የምርመራው መጀመሪያ ነው። ሁሉም ዕቃ ተነቅሎ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይሞቅ፣ ሄርዙና ቮልቱ ይነበቡ። ከዚያ የሚታወቅ ጭነት ብቻውን ይሰካ። ለዚህ ከማንቆርቆሪያ የሚሻል የለም፤ ዋቱ ከሥሩ ተጽፏል፣ እንደ ማቀዝቀዣም በመነሻው አያታልልም። ሶዶ ላይ 2.3 ኪሎ ዋት የሚጠበቅበት ጄኔሬተር በ1,500 ዋት ማንቆርቆሪያ ብቻ ወደ 46 ሄርዝ ከወረደ ከፍታው አይበቃም ማለት ነው፤ ሞተሩ ውስጥ ጥፋት አለ።

ያን ጊዜ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ብዙ ይናገራል። ጫፉ ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ሞተሩ ለአየሩ መጠን የበዛ ቤንዚን እያገኘ ነው። ወይ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል፣ ወይ ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ነው። ፊልትሮውን ለጥቂት ሰከንድ አውጥቶ ለውጡን መስማት ሁለቱን ይለያል። የሜዳ አቧራ እየጠጣ የዋለ የሠርግ ጄኔሬተር ላይ ፊልትሮው ነው ብሎ መወራረድ ይቻላል። ድምፁ በተቃራኒው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቤንዚኑ አነሰ ማለት ነው፤ ወራት ያስቆጠረ ቤንዚን ዝቃጭ ሠርቶ የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ዘግቶታል። አንድ አሳሳች ጥፋት ደግሞ አለ። ጄኔሬተሩ ለግማሽ ሰዓት በደንብ ሠርቶ ቀስ በቀስ ደክሞ ይጠፋል፣ ቆይቶ ሲሞከር እንደገና ይነሳል። የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ ስትደፈን እንዲህ ይሆናል፤ ቤንዚኑ ሲወርድ በቦታው አየር ስለማይገባ ታንኩ ይጠባል። ክዳኑን ላላ አድርጎ መሞከር ነው። ሞተሩ ከዳነ ምርመራው እዚያ አለቀ።

ሞተሩ በሙሉ ፍጥነቱ እየዞረ ቮልቱ ዜሮ ወይም ሦስት አራት ብቻ ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩ ይታይ፤ ወድቆ ሳለ ዲናሞ የተፈታባቸው ጊዜዎች ጥቂት አይደሉም። ከዚያ ወደሚሽከረከረው ማግኔት ኤሌክትሪክ የሚያስገቡት ካርቦንቺኖች ማለቃቸው፣ ኤቪአሩ ወይም ካፓሲተሩ፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ሳይነሳ የተቀመጠ ዲናሞ በብረቱ ውስጥ ይዞት የነበረውን ጥቂት ማግኔትነት ማጣቱ ይጠረጠራል። ይህን የመጨረሻውን ባለሙያ በባትሪ ለአፍታ በመንካት ይመልሰዋል፤ ባለቤቱ ግን በግምት የሚሞክረው ሥራ አይደለም።

ኬብሉንም መርሳት አይገባም። 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 50 ሜትር ማራዘሚያ 10 አምፔር ሲያልፍበት 23 ቮልት ያህል በመንገድ ላይ ይበላል። ጄኔሬተሩ 220 እያወጣ ድንኳኑ ውስጥ 197 ይደርሳል ማለት ነው። ድምፁን ሸሽቶ ጄኔሬተሩን ማራቅ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በወፍራም ሽቦ ከሆነ።

መኪና ላይ ሲጫን

በመኪና የሚጓዝ ጄኔሬተር ሁለት ተጨማሪ ጠባይ አለው። የመጀመሪያው ማዘንበል ነው። ብዙዎቹ ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ መኪናው በዳሞታ ግርጌ ዳገት ላይ ከቆመ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና መቆጣጠሪያው ዘይት ያለቀ ይመስለዋል። ሞተሩ ይጠፋል፣ ባለቤቱ ካርቡሬተር ይፈታል። መኪናውን ወደ ደልዳላ ቦታ ፈቀቅ ማድረግ ግን ይበቃ ነበር። ሁለተኛው ሳጥኑ ነው። በመኪናው ሆድ ውስጥ በጠባብ ሳጥን የተቀመጠ ሞተር ራሱ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል፤ ከሰዓት በኋላ የሚደክመውና ጠዋት የሚበረታው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የሳጥኑን በር ከፍቶ ሄርዙ ከተመለሰ መልሱ ተገኘ። የማርሚታው ጭስ ግን በምንም ሁኔታ ሰው ወደሚተኛበት ክፍል መግባት የለበትም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ካርቡሬተሩን ለከፍታ ማስተካከልም ለተጓዥ ሁለት ስለት አለው። ለሶዶ ወይም ለአዲስ አበባ ቤንዚን የምታሳልፍበት ቀዳዳዋ የጠበበች ጂግለር ቢገጠም ጥላሸቱ ይቀራል፣ ሞተሩም የሚችለውን ያህል ይሰጣል። መኪናው በዚያው ጂግለር ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል። አንድ ቦታ ለሚቀመጥ ጄኔሬተር ማስተካከሉ ያዋጣል። በየሳምንቱ ለሚወጣና ለሚወርድ፣ ትንሽ ጥላሸት ታግሦ ጭነቱን መቀነስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሄርዝ የማይናገርበት ጊዜ

ለዚህ ሁሉ ክርክር አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፣ እሱም ኢንቨርተር ጄኔሬተር ነው። በጉዞ መኪኖች የሚወደደው፣ ድምፁ ዝቅ ያለው ዓይነት። በእሱ ውስጥ ዲናሞው ያመነጨው ኤሌክትሪክ መጀመሪያ እንደ ባትሪ ወዳለ ቀጥተኛ ኃይል ይለወጥና በኤሌክትሮኒክስ እንደገና 50 ሄርዝ ሆኖ ይወጣል። ሞተሩ ቢዘገይም ቢፈጥንም ሶኬቱ ላይ የሚነበበው 50 ነው። እንግዲህ ሄርዙ ስለ ሞተሩ አይመሰክርም። እዚህ የሚመሰክረው ከመጠን በላይ ጭነትን የሚያመለክተው መብራት ነው፤ አቅሙ ሲያልቅ ይበራና ኃይሉ በአንዴ ይቋረጣል። ሞተሩ ግን መዞሩን ይቀጥላል፣ ስለዚህ «ይነሳል፣ ኃይል የለውም» የሚለው ቅሬታ ቃል በቃል ይደገማል። ዕቃውን ሁሉ ነቅሎ፣ አጥፍቶ ማስነሳትና ጭነቱን አንድ በአንድ መመለስ ነው። ሳይጫንም መብራቱ ከበራ ጉዳዩ ለባለሙያ የሚተው የኤሌክትሮኒክስ ጥፋት ነው።

የከፍታው ስሌት ግን ለኢንቨርተሩም አይቀርም። ኤሌክትሮኒክሱ ሄርዝን ያስተካክላል፣ አየር አይፈጥርም። ቤንዚኑን በኮምፒዩተር የሚመጥኑት አዳዲሶቹም ጥላሸቱን ያስቀራሉ እንጂ የጎደለውን አየር አይተኩም። አየርን አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ ያላቸው ትላልቅ የናፍታ ሞተሮች ናቸው ከፍታን በብዛት የሚቋቋሙት። ለሱቅ ወይም ለአንድ መኪና የሚሆን ጄኔሬተር የሚገዛ የሶዶ ሰው ቱርቦ አይገዛም፤ ስለዚህ አብረው የሚሠሩ ዕቃዎቹን ዋት ደምሮ፣ ከመካከላቸው ትልቁ ባለ ሞተር ዕቃ ሲነሳ የሚስበውን ጨምሮ፣ ድምሩን ለ0.77 ያካፍል። ሳይቋረጥ ይሰጣል ተብሎ በትንሹ ፊደል ከተጻፈው ቁጥር ጋር መነጻጸር ያለበት የሚያገኘው ውጤት ነው። ለአርባ ምንጭ 0.85፣ ለአዲስ አበባ 0.72 ይሆናል።